የ1969ኟ ፔኒ እና ያልተደረበችው ኤስ

አጎቴ ቨርጂኒያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ፓርኪንግ ላይ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ሠርቷል። ማታ ማታ ኪሱ ውስጥ የቀሩትን ፔኒዎች፣ ማለትም የአሜሪካን አንድ ሳንቲሞች፣ ትልቅ የውሃ ጆግ ውስጥ ይጨምራቸው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ያንን ጆግ ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። አንድ ቀን በናፕኪን የተጠቀለለች ሳንቲም አምጥቶ ሰጠኝ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እያት። ቁጥሩ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ» አለኝ።

ዓመቱ 1969 ነው። ከሥሩ ትንሽዬ ኤስ ፊደል አለች። ልቤ ድው አለ።

የደነገጥኩት በምክንያት ነው። ይህንኑ ዓመትና ይህችኑ ፊደል የያዘች አንዲት ፔኒ በጥር 2008 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 126,500 ዶላር ተሸጣለች። (ከአንዱ በስተቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በተቃራኒው ደግሞ፣ ያው ዓመትና ያቺው ፊደል ኖሯቸው፣ ቁጥራቸውም ተደርቦ እየታየ፣ ከአንድ ሳንቲም በላይ የማያወጡ ፔኒዎች ሞልተዋል። አጎቴ ጋ ያለችው የትኛዋ ናት?

መልሱ ያለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ድርቡ የመጣው መቼ ነው? ሳንቲሟ ሳትመታ በፊት ነው ወይስ ከተመታች በኋላ? ሌላው ምልክት ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ።

ሳንቲም የሚሠራው በመምታት ነው። ባዶ ክብ ብረት በሁለት ማህተሞች መካከል ይገባል። ማህተሞቹ በከባድ ጉልበት ይጫኑታል። ፔኒ ከሆነ በፊት ለፊቱ የፕሬዚዳንት ሊንከን ምስል ይወጣል፣ በጀርባው ደግሞ ዋሽንግተን ያለው የሊንከን መታሰቢያ። ማህተሙ ላይ ምስሉ ጎድጉዶ ነው የሚገኘው፣ ሳንቲሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ማህተሙ ራሱስ ከየት ይመጣል? ከእናት ማህተም ነው። እናትየዋ ላይ ምስሉ ልክ እንደ ሳንቲሙ ጎልቶ ይታያል። እሷ በለሰለሰ ብረት ላይ ስትጫን ጎድጓዳውን ምስል ትታ ትነሳለች። በ1969 ታዲያ አንድ ጊዜ መጫን አይበቃም ነበር። ብረት ሲጫኑት ይጠጥራል፣ ከዚያ በላይ አልገባም ይላል። ስለዚህ ምድጃ ውስጥ አግለው ያለሰልሱታል። ከዚያ እንደገና እናት ማህተሟን ይጭኑበታል። ሁለተኛው አጫጫን ከመጀመሪያው ጋር ልክ በልክ መግጠም አለበት።

አንድ ቀን አልገጠመም። እናት ማህተሟ በሁለተኛው ዙር ትንሽ ዞር ብላ አረፈች። ማህተሙ ላይ ሁለት 1969፣ ሁለት ሊበርቲ (ነፃነት)፣ ሁለት ኢን ጎድ ዊ ትረስት (በእግዚአብሔር እንታመናለን) የሚሉ ጽሑፎች ተቀረጹ። ያ ማህተም ሳን ፍራንሲስኮ ወዳለው የመንግሥት ሳንቲም መምቻ ሄዶ ማሽን ላይ ተገጠመ። የመታው ፔኒ ሁሉ ድርብ ሆኖ ወጣ። ሰብሳቢዎች ይህን ደብልድ ዳይ ይሉታል። እኔ ከዚህ በኋላ ድርብ ማህተም እለዋለሁ፣ ስሙ የተደረበው ማህተሙ መሆኑን ስለሚናገር።

ማሽን ደብሊንግ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። እዚህ ማህተሙ ጤነኛ ነው። ምስሉም አንድ ነው። ግን ማሽኑ ላይ በደንብ አልተጠበቀም፣ ላላ ብሏል። ሳንቲሙን መትቶ ሊነሳ ሲል ይንቀጠቀጣል ወይም ይንሸራተታል። በዚያች ቅጽበት አሁን የወጣውን ፊደል ጎኑን ገፍቶ ይደፈጥጠዋል። ፊደሉ አጠገብ ደረጃ የመሰለ ነገር ይፈጠራል፣ ለዓይን ድርብ ይመስላል።

ለአጎቴ ያስረዳሁት በቀበሌ ማህተም ነው። የማህተሙ ጎማ ሲቀረጽ ጀምሮ ድርብ ከሆነ፣ የሚታተምበት ደብዳቤ ሁሉ ድርብ ይሆናል። የመቶውም ሰው ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው። ጎማው ጤነኛ ሆኖ ጸሐፊዋ ስታነሳው እጇ ከተንሸራተተ ግን የተበላሸው የዚያ ሰውዬ ደብዳቤ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ንጹህ ሊሆን ይችላል። ወይም ሌላ ዓይነት ብልሽት ይኖረዋል። «አሃ፣ ያኛው ጎማው ላይ ነው፣ ይሄኛው እጇ ላይ ነው» አለኝ። ልክ ነው።

አሁን ወደ ኤስ እንምጣ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሳንቲም ማህተሞች በሙሉ የሚዘጋጁት ፊላደልፊያ ነበር። ኤስ ለሳን ፍራንሲስኮ፣ ዲ ለዴንቨር ነበሩ። የፊላደልፊያ ፔኒ ምልክት አልነበራትም። ዋናው ነገር፣ ፊደሏ እናት ማህተሟ ላይ አልነበረችም። ማህተሙ ተጭኖ ካለቀ በኋላ አንድ ሠራተኛ ትንሽ የብረት መምቻ ይዞ፣ በመዶሻ ኳ አድርጎ በእጁ ያስገባታል። እያንዳንዱ ማህተም ላይ፣ ለብቻው።

ይህ የእጅ ሥራ ነው ጉዳዩን የሚፈታው። የ1969ኙ ማህተም ሲደረብ ኤስ ገና አልነበረችም። ስለዚህ በእውነተኛዋ ድርብ ፔኒ ላይ ቁጥሩ ሁለት ነው፣ ጽሑፉ ሁለት ነው፣ ኤስ ግን አንድ ናት። የማሽን መንሸራተት ሲሆን ደግሞ ኤስ ቀድሞውኑ ማህተሙ ላይ ገብታለች። ማህተሙ ሲንሸራተት እሷም አብራ ትንሸራተታለች። ቁጥሩ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ኤስም በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው መጠን ከተገፋች ነገሩ አልቋል። ማሽኑ ነው።

ከሳንቲም ጋር በተያያዘ ካወቅኳቸው ነገሮች ሁሉ ይህ በጣም ይገርመኛል። ከ50 ዓመት በፊት ስሙን የማናውቀው ሠራተኛ በመዶሻ የመታት ፊደል ዛሬ ምስክር ሆና ትቆማለች።

የዚህች ፔኒ ታሪክ ራሱ ቀላል አልነበረም። ብቅ ያለችው በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሰብሳቢዎች እጅ ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያው ሰሞን እዚያው ካሊፎርኒያ ሁለት ሰዎች የፊላደልፊያን የ1969 ፔኒ አስመስለው በሐሰት ድርብ አድርገው ይሠሩ ነበር። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያሳድደው ሲክሬት ሰርቪስ ነቅቶ ይጠብቃል። ድርብ የሆነ የ1969 ፔኒ ሲያዩ ወረሱ። ከወረሷቸው መካከል እውነተኛዎቹ የሳን ፍራንሲስኮ ፔኒዎችም ነበሩ። የተወሰኑት ጠፍተዋል። በኋላ ላይ ኤስ ያላቸው እውነተኛ የመንግሥት ሥራ መሆናቸው ተረጋገጠ። መንግሥት የራሱን ሳንቲም ሐሰተኛ ብሎ ያጠፋበት ጉዳይ ነው። ዛሬ ይህች ሳንቲም እንዲህ የምትፈለገው ከሥር ጀምሮም ጥቂት ስለነበረች ነው፣ ከጥቂቶቹም ላይ ስለተቀነሰ ነው።

በዚያ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ከ500 ሚሊዮን በላይ ፔኒ መታለች። ድርቡ ማህተም የመታቸው በዚያ ክምር ውስጥ ተበተኑ። በ2007 ሚሺጋን ያለ አንድ ሰብሳቢ ከነጋዴ የገዛቸውን የ1969 ኤስ ጥቅሎች ፈትቶ ሲያይ አንዷ ወጣችለት። ፔኒ በጥቅል 50 ነው የሚታሰረው። መግቢያዬ ላይ የጠቀስኳት 126,500 ዶላር ያወጣችው እሷ ናት። ንጹህ ነበረች፣ የመዳብ ቀይ ቀለሟ አልጠፋም ነበር። ዋጋውን እዚያ ያደረሰው ይሄም ነው።

ወደ አጎቴ ሳንቲም ልመለስ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠረግን። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር አለኝ። ለዚህ ሥራ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። መብራቱን ከአናት ላይ ሳይሆን ከጎን አመጣሁት። ከአናት የሚመጣ ብርሃን ሁሉን ነገር ያደበላልቃል። ሳንቲሟን በጠርዟ ይዤ ከመነጽሩ ሥር ቀስ እያልኩ አዞርኳት።

መጀመሪያ ያየሁት 9ኙን ነው። ከጎኑ ሌላ መስመር አለ። ግን መስመሩ ዝቅ ያለ ነው። ደረጃ ላይ ሆነህ ወደ ታችኛው እርከን እንደምታየው ዓይነት። ላዩ ጠፍጣፋ ነው። ሳንቲሟ በተወሰነ ማዕዘን ስትዞር ያ ጠፍጣፋ ቦታ እንደ መስታወት ብልጭ ይላል፣ ትንሽ ሲቀጥል ይጨልማል። ይህ የተገፋ ብረት ነው። ቢላ ቅቤ ላይ ሲንሸራተት የሚተወው የሚያብለጨልጭ ገጽ ይመስላል።

ከዚያ የቁጥሩን ውፍረት አየሁ። ሌላ ደህና የ1969 ፔኒ ከጎኗ አስቀመጥኩ። የአጎቴ 9 ቀጭን ነበር። ማሽኑ የሚደፈጥጠው ራሱን ፊደሉን ነው። ደረጃው የተሠራው ከፊደሉ ሥጋ ተቆርሶ ነው። ስለዚህ ዋናው ፊደል ይከሳል። በድርብ ማህተም ግን ሁለት ሙሉ ፊደል ስላለ አጠቃላይ ስፋቱ ይወፍራል። ሁለቱም ክብና ሞላ ያሉ ናቸው፣ ከፍታቸውም ተቀራራቢ ነው። የፊደሎቹ ጫፍ ላይ፣ እግራቸው በሚያልቅበት ቦታ፣ ሁለቱ ምስሎች ተለያይተው ትንሽ ስንጥቅ ይሠራሉ። እንደ ከብት ሰኮና። እኔ በዓይኔ ሁልጊዜ የምፈልገው ያቺን ስንጥቅ ነው። የአጎቴ ሳንቲም ላይ የለችም።

ወደ ሊበርቲ ሄድኩ። ንጹህ ነው። ኢን ጎድ ዊ ትረስትም ምንም የለውም። በእውነተኛዋ ላይ ሁሉም ተደርበው በባዶ ዓይን ነው የሚታዩት። ፎቶዋን ያየ ሰው አይስታትም።

መጨረሻ ላይ ኤስ። በእርግጥ መጀመር የነበረብኝ ከእሷ ነበር። ግን ልቤ ተስፋ ስለፈለገ አቆየኋት። መነጽሩን አስጠጋሁ። ከቀኝ ጎኗ ያቺው ጠፍጣፋ ደረጃ አለች። አቅጣጫው ከ9ኙ ጋር አንድ ነው። ስፋቱም ያው ነው። መነጽሩን ለአጎቴ ሰጠሁት። ብዙ ደቂቃ አየ። «አብራ ተንሸራታለች» አለ።

እሱ ማዘኑን አልደበቀም። እኔም አዝኛለሁ። ግን ያዳነን ነገር አለ። እንዲህ ያለችውን ፔኒ መርምረው ደረጃ ለሚሰጡ ድርጅቶች መላክ ከፔኒዋ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፣ የፖስታውም ተጨማሪ ነው። የሚመጣውም መልስ የታወቀ ነው። ወገኖቻችን ስልካቸው ላይ «ይህን ፔኒ ካገኛችሁ ሀብታም ናችሁ» የሚል ቪዲዮ እያዩ የማሽን መንሸራተት ያለባትን ሳንቲም በውድ ሲገዙ አይቻለሁ። በጣም ያናድደኛል። በሥራ የደከመ ሰው ገንዘብ ነው። ኤስን ማየት ግን በነጻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፊላደልፊያ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመተ ምሕረት ያለባቸው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስልና የይሁዳ አንበሳ የወጣባቸው ሳንቲሞቻችን መጀመሪያ የተመቱት እዚያ ነው። ዓመቱ ሳይቀየር ለረጅም ጊዜ ቀጥለዋል። እነሱም ከእናት ማህተም በተጫነ ማህተም ነው የተሠሩት። አያቱ ቤት መሶብ ሥር የተረሳ ሳንቲም ያለው ሰው ያችኑ አጉሊ መነጽር ቢያነሳ ዓይኑ የሚፈልገው ነገር አይለወጥም። ክብ ነው ወይስ ጠፍጣፋ? ወፍሯል ወይስ ከስቷል?

የማሽኑ መንሸራተት ብቸኛው አሳሳች አይደለም። ማህተም ሲያረጅም ድርብ ይመስላል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሳንቲም ከመታ በኋላ የፊደሎቹ ዳር ይበላል፣ ብረቱ ወደ ጠርዝ ይፈስሳል። ሳንቲሙ ላይ ፊደሉ ያበጠና የፈዘዘ ይሆናል፣ ጥላ ያለው ይመስላል። እውነተኛው ድርብና ያረጀው ማህተም የሚምታቱበት የታወቀው ምሳሌ የ1955 ፔኒ ነው። በዚያ ዓመት ፊላደልፊያ ውስጥ በጣም ጎልቶ የሚታይ ድርብ ማህተም በሌሊት ፈረቃ ሠርቶ አደረ። ሲነቁበት 24,000 ያህሉ ከሌላው ክምር ጋር ተቀላቅሏል። ሙሉውን ከማቅለጥ ይለቀቅ ብለው ለቀቁት። ብዙዎቹ የተገኙት በሲጋራ ፓኮ ላይ ነው። ሲጋራው 23 ሳንቲም ነበር፣ የመሸጫ ማሽኑ ግን 25 ነው የሚቀበለው። መልሷ ሁለት ፔኒ ከፓኮው ላስቲክ ሥር ትገባ ነበር። ሰው ሲጋራ ገዝቶ ዛሬ ከሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ሳንቲም መልስ ይቀበል ነበር ማለት ነው። ታዲያ በዚያው ዓመት ካረጁ ማህተሞች የወጡ፣ የመጨረሻዋ 5 ብቻ ጥላ ያላት ፔኒዎችም አሉ። አሜሪካኖች የድሃው ድርብ ይሏታል። ድርብ ማህተም አይደለችም። የፊላደልፊያ ስለሆነች የምታስረዳ ፊደልም የላትም። እዚያ ላይ የሚያዋጣው ቅድም ያልኩት ነው። እውነተኛዋ ላይ ሊበርቲና ኢን ጎድ ዊ ትረስትም ተለያይተው ቁልጭ ብለው ይነበባሉ።

ከ1982 መጨረሻ ወዲህ ያሉት ፔኒዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ውስጣቸው ዚንክ ነው፣ መዳቡ ላዩን ብቻ በስሱ የተለበጠ ነው። ሲመታ ልባሱ ፊደሉ ጥግ ላይ ይሰነጠቅና ግራጫው ዚንክ ብቅ ይላል። ከሩቅ ሁለተኛ መስመር ነው የሚመስለው። ቀለሙን ማየት ይበቃል። ግራጫ ወይም ብርማ ከሆነ የልባሱ ስንጥቅ ነው።

የኤስና የዲ ምርመራም ድንበር አለው። ከ1990 ጀምሮ የፔኒ ፊደል በእጅ መመታቷ ቀርቷል። ከምስሉ ጋር ከላይ ጀምሮ አብራ ትቀረጻለች። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ባለ ሳንቲም ላይ የፊደሏ መደረብም ሆነ አለመደረብ ብቻውን አይወስንም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ በኋላ ደግሞ እናት ማህተሟ በአንድ ጊዜ ጠንካራ ግፊት ሥራዋን መጨረስ ጀመረች። ብዙዎች ድርብ ማህተም ያከትማል ብለው ነበር። አላከተመም። ማህተሙ መጀመሪያ ጋደል ብሎ ይቀመጥና ግፊቱ ሲበረታ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ የተነሳ አዲሶቹ ድርቦች መሀል አካባቢ ነው የሚታዩት፣ ትንንሽም ናቸው። በ2009 ወጣቱ ሊንከን ግንድ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ በሚያሳየው ፔኒ ላይ ተጨማሪ ጣት ያለው ሆኖ የወጣው ለዚህ ነው። የጆግ ሳንቲም የሚፈትሽ ሰው አዲሶቹን ሲያይ ጠርዝ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይሆን መሀሉን ይይ።

አጎቴ ከዚያ ቀን በኋላ አጉሊ መነጽሩን አልመለሰልኝም። ጆጉን ከላይ ጀምሮ እንደ አዲስ ያዘው። የፓርኪንግ ሒሳብ ይሠራበት በነበረው ዓይነት ደብተር ላይ ዓመቱን፣ ፊደሏን፣ ያየውን ይጽፋል። «ጠፍጣፋ»፣ «ያረጀ»፣ «የልባስ ስንጥቅ» ይላል መዝገቡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማታ ደወለልኝ።

«ልጄ፣ የ1960 ዴንቨር ይዣለሁ። ቁጥሩ ደህና ነው። ጽሑፉም ደህና ነው። ዲዋ ብቻ ናት ሁለት የሆነችው።»

«ጠፍጣፋ ናት ወይስ ክብ?» አልኩት።

«ክብ ናት። ከሥሯ የሌላ ዲ ጀርባ ይታያል። ያቺ እንደ ሰኮና ያለችው ስንጥቅም አላት።» ትንሽ ዝም አለ። «ሰውየው በመዶሻ ሁለቴ መቷት እንዳይሆን?»

ሁለቴ መቷታል። ሠራተኛው ፊደሏን መጀመሪያ አጣሞ አግብቷት፣ አይቶ አስተካክሎ ደግሟታል። ይህ የማህተሙ ስለሆነ ከዚያ ማህተም በወጣ ፔኒ ሁሉ ላይ አለ፣ ሰብሳቢዎችም ይፈልጉታል። እንደ 1969ኟ ብዙ ዶላር አያወጣም። አጎቴ ግን ዋጋውን አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ሌላ ነው፦ «የመጀመሪያዋ ዲ ወደ ቀኝ ነበር ያዘነበለችው ወይስ ወደ ግራ? ደብተሩ ላይ እንድጽፈው።»